«መካን» ብዬ የጻፍኩት

ባዕድ ቃል አማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ተሰንቅሮ ሳይ ያመኛል። በሽታውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ደብረ ማርቆስ የአማርኛ መምህር ነበር፤ ቤታችን ውስጥ «ፕሮግራም» ያለ ልጅ ራት ባይከለከልም ግልምጫ ጠግቦ ይተኛ ነበር። አሰላ ተመድቤ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ፤ ዛሬም የቢሮ ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ። ባልደረቦቼ ከኋላዬ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ይሳቁ ብዬ ትቻቸዋለሁ። አሁን የማወራው ግን አያስቅም፤ በዚሁ አመሌ የተነሳ የአንዲት ሴት ትዳር አፋፍ ላይ የቆመበትን ሳምንት ነው።

ሥራዬ ቤተ ሙከራ ነው። ባልደረቦቼ ማይክሮስኮፕ የሚሉትን እኔ አጉሊ መነጽር እለዋለሁ፤ በእሱ የሰው ደም አያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወባ ላይ የሚሠራ አንድ ጥናት ተቀላቀልኩ። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። የወባ ተውሳክ ሰው ደም ውስጥ እየተከፈለ ይባዛል እንጂ አይጋባም። ከመሃላቸው ጥቂቶቹ ግን ወንዴና ሴቴ ሆነው ይለያሉ፤ ትንኝ እስክትመጣቸው ድረስ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። የሚገናኙት እሷ ሆድ ውስጥ ነው። እዚያ ወንዴው ሴቴዋን አግኝቶ መጣበቅ አለበት፤ ለመጣበቂያ የሚሆናቸውን ልባስ የሚሠሩ ዘረ መሎች አሏቸው። ልባሱ ካልገጠመ ውላጅ የለም፤ ውላጅ ከሌለ ያ ዘር እዚያው ትንኟ ሆድ ውስጥ ያከትማል። የገጠመለት ወደሚቀጥለው ሰው ይሻገራል። ትንኝ ባለችበት አገር ሁሉ ይህ ማጣራት በየቀኑ ይካሄዳል፤ እኛ የምንፈልገው የትኛው ልባስ እንዳለፈ፣ የትኛው እንደቀረ፣ ለምንስ እንደቀረ ማወቅ ነበር።

አሰላ ብርዱ ለወባ አይመችም። ስለዚህ ደሙ የሚወሰደው አቦምሳ፣ ቆላው አፋፍ ላይ ነበር። እዚያ አንዲት ሙቅ ክፍል ውስጥ ትንኝ ይረባል፤ የታመመው ሰው ደም ቀጭን ሽፋን በተወጠረባት ጽዋ ይሰጣቸውና ከሳምንት በኋላ ሆዳቸው እየተከፈተ ይታያል። ተውሳኩ ከተራባ ሆዳቸው ላይ ዕንቁላል መሳይ ከረጢቶች ይገኛሉ። ውጤቱ የሚመዘገበው፣ ደሙ የተቀባበት መስታወትም የሚነበበው አሰላ፣ እኔ ጋ ነበር። ቀለም ሲነካቸው ሴቴዋ ሰማያዊ፣ ወንዴው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይሆናሉ፤ ሁለቱም ማጭድ ይመስላሉ። ደሙ ከሰው ወጥቶ በረድ ሲል ወንዴው ይፈነዳና ጅራፍ የመሰሉ ቀጫጭን ክሮች ይለቅቃል። ክሮቹ ቀይ የደም ሕዋሶችን እየገፉ ሲንዘፈዘፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን ምሳ መብላቱን ረሳሁት።

የጥናቱ ደንብ ደሙን የሰጠ ሰው ሁሉ ውጤቱን በጽሑፍ ይወቅ ይላል። ቅጹ ከአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ መጣ። ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ የእኔ ሆነ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካውም ተቆጣጠርኩት።

አብራኝ የምትሠራው ነርስ የአሰላ ተወላጅ ናት፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ትናገራለች። ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ረቂቄን አይታ ፊቷን አኮሳተረች።

«እንግሊዝኛውን እንዳለ ተወው» አለችኝ። «ፈርቲሊቲ ኔጌቲቭ ይበል። ማንም አያነበው፣ ማንም አይጎዳ።»

«ሰው የማያነበውን ወረቀት ለሰው መስጠት ንቀት ነው» አልኳት።

«ወላሂ አንተ ሰውዬ! ሰው የሚያነበው ወረቀት ነው እኮ ሰው የሚያጣላው።»

አልሰማኋትም። ሰው መስማት ድሮም አይሆንልኝም። ሠንጠረዡን በጠራ አማርኛ ሠራሁት፦ ወንዴ፣ ሴቴ፣ የመራባት ውጤት። በመጨረሻው ዓምድ ሥር «ፍሬያማ» ወይም «መካን» ተብሎ ይሞላል። ሁለቱን ቃላት ለመምረጥ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቻለሁ። «መካን» አጭር ናት፣ ጥርት ያለች ናት፣ ሁሉም ያውቃታል። ከላይ የሰውየው ሙሉ ስም ይገባል። «ተውሳክ» የሚለው ቃል ግን ወረቀቱ ላይ አንድም ቦታ አልነበረም። የምናወራው ስለ ተውሳኩ መሆኑ ለእኛ ለቤተ ሙከራ ሰዎች ከፀሐይ የጎላ ነገር ነውና አልጻፍኩትም።

መስከረም አጋማሽ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ሴት ቢሯችን በር ላይ ቆመች። ሃያ ስድስት ወይ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁር ሻርፕ ተከናንባለች፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ወጥቷል። እጇ ላይ የእኔን ወረቀት ይዛለች፤ እንዳይረጥብባት በላስቲክ ጠቅልላዋለች።

«ይሄን የጻፈው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ፈገግ ብዬ ነበር። ስለ ጽሑፉ ልታመሰግነኝ የመጣች መስሎኛል።

«ደሜን ለወባ ብላችሁ ነው የወሰዳችሁት። ማህፀኔን እዩልኝ ያላችሁ ሰው አለ?»

ሲስተር ከወንበሯ ተነሳች። ወረቀቱን ተቀብላ አንዴ አየችው፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት ብረሳው ደስ ይለኝ ነበር። የሴትየዋ ሙሉ ስም ከላይ። ወንዴ፣ ጥቂት። ሴቴ፣ ብዙ። የመራባት ውጤት፣ መካን። ከሥሩ የእኔ ፊርማ፣ ፊርማዬ ላይ ክብ ማኅተም።

አስቀመጥናት። ሻይ አመጣንላት፣ አልነካችውም። የዲክሲስ ልጅ ናት፤ ደጋ ተወልዳ፣ አድጋ፣ አቦምሳ ተዳረች። እዚያ ሱቅ ስትሸጥ አማርኛው ጠርቶላታል። ከተዳረች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ልጅ የለም። ስድስቱንም ዓመት ወባ እያመላለሰ ጥሏታል፤ ደጋ ላደገ ሰው ቆላ እንዲህ ነው ትላለች። ወረቀታችን ሲመጣ እሷ ሱቅ ነበረች፤ ባሏ ከብት ይዞ ገበያ ሄዷል። የተቀበለው የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ቤቱን የሚያዘው እሱ ነው። ግቢው መሃል ቆሞ፣ እናቱና ጎረቤቶች እየሰሙ፣ ጮክ ብሎ አነበበው። እናቲቱ አማርኛ ስለማይሰሙ መጨረሻዋን ቃል በኦሮምኛ ደገመላቸው፤ ማሴና።

«ስድስት ዓመት ያን ቃል በፊቴ የተናገረው ሰው አልነበረም» አለች። «ከኋላዬ ይባል ይሆናል። ያን ቀን ግን መንግሥት ጻፈው ተባለ። ማኅተም አለው ተባለ። ከሱቅ ስመለስ ልብሴን በማዳበሪያ ከረጢት አስረው በር ላይ አቁመውት ነበር።»

ባሏ ሲመለስ እሷ ዲክሲስ አባቷ ቤት ገብታለች። ስልክ ደውሎላት አልቅሷል። ቅዳሜ ሽማግሎች ይቀመጣሉ፤ ያን ቀን ፍቺው ይጨረሳል። ይህን ሁሉ ስትነግረን ላስቲኩን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ትፈታው ነበር።

«እህቴ» አልኳት። «ወረቀቱ ስለ አንቺ አይደለም። ስለ ወባው ነው። ደምሽ ውስጥ የነበረው ወባ ነው መካን የተባለው።»

ወረቀቱን ከሲስተር እጅ ወስዳ አየችው። ከዚያ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረና ፊቷን በሻርፑ ሸፈነች።

«እኔ የተባረርኩት ወባ አልወልድ ብሎ ነው?» አለች ከሻርፑ ሥር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ፊቷን ስትገልጥ ጥያቄዋ አንድ ነበር፦ ቅዳሜ መጥታችሁ ንገሩልኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሲስተር «እንመጣለን» አለች። እወልዳለሁ ወይ ብላ ግን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ የምናገረውን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ተሳስተን ነው ብሎ መናገር ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ነገሩን እንዳላድበሰብስ ግን ሐሙስ ጠዋት የሴትየዋን ማኅደር አውጥቼ ከመጀመሪያው አነበብኩት። እዚያ ሁለተኛ ገጽ አገኘሁ። ውጤቷን ስሞላ ያላየሁት፣ ወይም አይቼ የዘለልኩት ገጽ ነው።

አቦምሳ ያሉት ባልደረቦቻችን የእሷን ደም በሁለት ጽዋ ነበር ለትንኞቹ የሰጡት። አንደኛው ጽዋ ውስጥ ደሟ እንዳለ ነው፤ እኔ የጻፍኩት የእሱን ውጤት ነው። ለሁለተኛው ግን የደም ሕዋሶቿን አጥበው ባልደረቦቼ ሴረም የሚሉትን የራሷን የደም ውሃ አስወግደዋል፤ በምትኩ ወባ ይዞት የማያውቅ ሰው የደም ውሃ ጨምረዋል። ተውሳኩ ያው ነው። ከሁለተኛው ጽዋ የጠጡት ትንኞች ሆድ በከረጢት ተሞልቶ ተገኘ።

ወረቀቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ወባው መካን አልነበረም። ወንዴውም ሴቴውም ደህና ነበሩ፤ እንዳይገናኙ የከለከላቸው የእሷ ደም ነው። ስድስት ዓመት የተመላለሰባትን በሽታ ሰውነቷ አጥንቶት፣ መጣበቂያ ልባሳቸውን ለይቶ አውቆት፣ ትንኟ ሆድ ድረስ ተከትሎ ሄዶ አለያያቸው። እነዚያ ዘረ መሎች ለምን ከአገር አገር እንደሚለያዩ፣ ለምን መልካቸውን እንደሚቀያይሩ ስንጨነቅ ከርመናል። እንዲህ ያለ ደም ሲያሳድዳቸው ለወጥ ያለ ልባስ ያለው ብቻ ያመልጣል፤ የሚቀጥለው ትውልድም የእሱ ልጆች ናቸው። መልሱ ከግንቦት ጀምሮ መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቶ ነበር፣ እኔ ቃል ስመርጥ። በራሴ ተናደድኩ። ደግሞም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። እየሮጥኩ ለሲስተር አሳየኋት።

እሷ አልተደሰተችም።

«ቅዳሜ ይሄን እንዳትናገር» አለችኝ።

«እውነት ነው እኮ።»

«እውነት አይደለም ማን አለ? ደሟ ያመክናል ብለህ ልትነግራቸው ነው? ስድስት ዓመት የባሏን ዘር ያመከነች ሴት ብለው ነው የሚሰሙት። ከዚያ በኋላ ማንም አያገባትም።»

«የሚያመክነው ወባን ብቻ ነው።»

«‹ብቻ› የምትለዋን ቃል ማን ይዞ ቤቱ ይገባል?»

ተከራከርን። ድምፄን ከፍ አደረግሁባት፤ እሷም አላፈገፈገችም። በመጨረሻ «ከጠየቁኝ አልዋሽም» አልኳት።

«እንግዲያው እንዳይጠይቁህ ዱዓ አደርጋለሁ» ብላ ወጣች።

ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረን ዲክሲስ ደረስን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጉሙ ከስንዴው ላይ ገና አልተነሳም። የአባቷ ግቢ መግቢያ ላይ እናቷና አሥር የሚሆኑ ሴቶች መንገዱን ዘግተው ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው ሲንቄ ይዘዋል፤ እናት ለልጇ በሰርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። የተበደለች ሴት ሲንቄ ይዛ ከተቀመጠች ወንድ ልጅ ረግጧት አያልፍም። የባልየው ወገኖችም አላለፉም፤ ከአጥሩ ውጭ፣ ስንዴው ጠርዝ ላይ፣ ድንጋይና ግንድ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሽምግልናው እዚያው ሆነ። ሴትየዋ ከሴቶቹ መሃል ነበረች። ሰላም አላለችንም።

ባልየውን ወዲያው ለየሁት። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው፤ ዓይኑ ከሴቶቹ አይነቀልም። ታላቅ ወንድሙ ግራጫ ኮት ለብሶ አጠገቡ ተቀምጧል። ስልኩ ላይ የእኔ ወረቀት ፎቶ አለ፤ ለመጣው ሁሉ ያሳያል። መሃል ላይ የተቀመጡት ዋናው ሽማግሌ ያገሩ ስንዴ ገበሬ ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፤ ጉባኤው ፊት ግን የሚናገሩት በኦሮምኛ ነው። ሲስተር በመሃላችን ቆማ ታስተረጉማለች።

ተነስቼ ተናገርኩ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ወረቀቱ ስለ ወባ እንጂ ስለ ሴትየዋ አለመሆኑን፣ የእሷን ማህፀን ማንም እንዳላየ አስረዳሁ። ወባ ወንድና ሴት አለው ስል ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። አንዱ ምናልባት ሽማግሌም ይልካል አለ፤ ሳቁ ባሰ። ታላቅ ወንድምየው ግን አልሳቀም። ስልኩን ከፍ አድርጎ በአማርኛ፣ ለእኔ፣ «ይሄ ፊርማ የማነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው።»

«አንዴ መካን ናት ብለህ ፈረምክ። ዛሬ አይደለችም ትላለህ። የቱን እንመን? ሰው ለምኖህ ነው የመጣኸው።»

ደሜ ፈላ። ልመልስለት ስል ሲስተር ክርኔን ጨበጠችኝ። ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። ጥያቄያቸውን እኔን እያዩ፣ ቀስ ብለው፣ በአማርኛ አቀረቡት።

«ልጄ፣ ወባው ወንድም ሴትም ነበረው አልክ። ታዲያ ለምን አልወለደም?»

ሲስተር መሬት መሬት አየች። ይኸው መጣ። አላውቅም ብል ያልፍ ነበር፤ ማንም አይይዘኝም። ሴትየዋን አየኋት። እሷም እየጠበቀች ነበር፤ እኔ የማውቀውን እሷ አታውቅም። ስለ ራሷ ደም ነው፣ ያውም ሁለት ጊዜ የዋሸሁባት፦ አንዴ በወረቀቱ፣ አንዴ ወባው ነው መካን ብዬ።

«ደሟ...» አልኩና ቆምኩ። የሚመጣልኝ ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ አመከነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቃል ሲያጥረኝ ያ የመጀመሪያው ነው። «ደሟ ወባውን...»

ሲስተር እስክጨርስ አልጠበቀችም። ቀና ብላ በኦሮምኛ ረዘም አድርጋ ተናገረች። በሽታው ስድስት ዓመት እንደታገላት፣ ደሟ ጠላቱን እንደለየው፣ ትንኝ ከእሷ ወስዳ ለቤተሰቡ እንዳታቀብል ደሟ በሩ ላይ ቆሞ እንደጠበቀ። ጠበቀ ነው ያለችው፤ ያቺን የኦሮምኛ ቃል እኔም አውቃታለሁ። ቃል በቃል የእኔ አልነበረም፤ ውሸትም አልነበረም። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ ያለችውን በአማርኛ ደገመችልኝና «እንዲህ ነው አይደል?» አለችኝ።

«እንዲህ ነው» አልኩ። «ያን ቀን በተወሰደው ደም ያየነው እንዲህ ነው።»

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሳይነሱ እጃቸውን ወደ ማሳው ዘርግተው አንድ የስንዴ ቅጠል ቀጠፉ። በአውራ ጣታቸው ሲያሹት ጣታቸው ቢጫ ሆነ።

«ዋግ ነው» አሉኝ። «በእኔ ዕድሜ ስንት የስንዴ ዘር አምጥታችሁልናል። ይሄ ዋግ ይችላል ትላላችሁ። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ይችላል። ከዚያ ዋጉ ይለምደዋል፤ ሌላ ዘር ዝሩ ትሉናላችሁ። ወባም እንዲሁ ነው?»

«እንዲሁ ነው አባቴ። አብዛኛው ይሞታል፤ ለወጥ ያለው ያመልጣል፤ ከዚያ የእሱ ዘር ይበዛል።»

«እሷ ታዲያ ዋጉን የቻለች ስንዴ ናት» አሉና ያን በኦሮምኛ ለጉባኤው ደገሙት። ከሴቶቹ በኩል እልልታ ወጣ። እኔ ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ለሰው ማስረዳት ያቃተኝን ነገር ሰውየው በአንድ ቅጠል ጨረሱት።

ታላቅ ወንድምየው ግን አልተረታም። «ስንዴውን ተዉት» አለ። «ትወልዳለች ወይ? ይሄን ይመልስልን።»

«አላውቅም» አልኩ። «አልመረመርንም። ልጅ ሲጠፋ የሚመረመሩት ደግሞ ሁለቱም ናቸው፤ ሚስትም ባልም።»

ጉባኤው ተንጫጫ። ባልየው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ጫጫታው እስኪበርድ ጠብቀው ፍርዳቸውን ሰጡ፦ ወረቀቱ ሐሰት ነው፤ በሐሰት ወረቀት ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ ልብሷን በር ላይ ያቆመው ሰው ሲንቄው ፊት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ሚስት ወደ ቤቷ ትመለስ። ታላቅ ወንድምየው ጥርሱን ነክሶ ተነሳ፣ ሴቶቹ ፊት ቆሞ የሚባለውን አለ። እናቷ ሲንቄያቸውን ዝቅ አደረጉ። ሲስተር እጄን ጨብጣ ለቀቀችኝ። ተሳካ ብዬ ልቤ ውስጥ ጮህኩ፤ ያፈረስኩትን መልሼ ገነባሁት ብዬ።

ሽማግሌው ባልየውን «ተነስ፣ ሚስትህን ይዘህ ሂድ» አሉት። ተነሳ። ፊቱ በራ፤ እንደሚወዳት ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልግም ነበር። ሴትየዋም ከሴቶቹ መሃል ወጥታ መጣችና ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብላ ፊት ለፊቱ ቆመች። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። በኦሮምኛ ነው የተናገረችው፤ ሲስተር በሹክሹክታ ትነግረኛለች።

«ሰውየው አላውቅም ነው ያለው፣ ሰምተሃል» አለችው። «ብንመረመርና እውነት እኔ የማልወልድ ብሆንስ? ያኔ ትክክለኛ ወረቀት ቢመጣስ?»

ባልየው አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር፤ ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል። ከመናገሩ በፊት ግን አንገቱ ዞረና ወንድሙን አየ። ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ያህል ነው። ወዲያው ወደ እሷ ተመልሶ «እኔ...» አለ።

«ሰማሁ» አለችው።

«ኧረ ገና ምንም አላለም ልጄ!» አሏት ሽማግሌው።

«ሰምቻለሁ አባባ» አለች። ዞራ በሴቶቹ መሃል አልፋ ወደ አባቷ ቤት ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው።